ሁለት ጥቅል

ክራኮቭ ጥግ፣ ከባቡሩ ሐዲድ ማዶ፣
መጋዘን ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ባዶ።
እኔ ፎርክሊፍት ነጂ ነኝ፣ የሌሊት ተረኛ፤
ብሮንካ ግን ለጣፊ ናት፣ የተለጣፊ ዳኛ።
አራት ሺህ ቅጂ ይጠብቃል፣ ካርቶን በካርቶን ላይ፤
ሽፋኑ ላይ አንዲት ሽመላ፣ ባንድ እግሯ ቆማ ወንዝ ስታይ።

ዋርሶ ደግሞ በዚያች ሰዓት፣ አዳራሹ በሻማ ደምቆ፣
ዜኖን ከአራቱ ዕጩዎች ጋር፣ ከረባቱ አንገቱን አንቆ፣
ዓሣው ከፊቱ ይቀዘቅዛል፣ ሹካው ከሳህኑ ርቆ።

ፍራንክፈርት ላይ፣ ባውደ ርዕዩ፣ ሰባት አሳታሚ ጠየቀ አሉ፤
ጣልያኑም፣ ፊንላንዱም፣ ኮሪያውም፣ «ያሸንፍ ብቻ» ብለው ማሉ።
መጽሐፍ ሳይነበብ እንዴት ይሸጣል? ብዬ ብጠይቅ አለቃውን፣
«ሙሽራም በፎቶ ትታጫለች» አለኝ፣ እያከከ አገጩን።

ጠንቃቃ ነው አለቃችን፤ ሁለት ጥቅል አዘጋጅቷል፤
አንደኛው ክብ ወርቅ ነው፣ «የዓመቱ ምርጥ ልቦለድ» ብሎ ዘውድ ደፍቷል።
ሌላው ብር፣ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ «ለመጨረሻው ዙር የደረሰ»፣
ሠርጉን ባጥር ቀዳዳ አይቶ፣ ወደ ቤቱ እንደተመለሰ።
«ሦስት ተኩል ላይ እደውላለሁ፤ ወርቅ ካልኩሽ ወርቅ ለጥፊ፤
ብር ካልኩሽ ብር። ሲነጋ መኪና ይመጣል፣ እንዳታንቀላፊ።»

ቦታውም በደብዳቤ ታዟል፦ በቀኝ፣ በላይ፣ በጥጉ በኩል፤
ብሮንካ በጣቷ ለካች፤ ያርፋል ከሽመላዋ ዓይን እኩል።
«ይሄ ሽልማት ወፏን ዓይን ሊያወጣት ነው» አለች፣
መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ፣ ካርቶን ስባ ተቀመጠች።
መቼም እጅ ሥራ ሲፈታ፣ ዓይን ሥራ አያጣም፤
ገጽ አንድን ገለጠች። «ሻይ?» አልኳት። «አልጠጣም።»

ዐሥራ ሁለት ዓመት ለጥፋለች፣ ስንቱን ሜዳሊያ፣ ስንቱን ዘውድ፤
«ዳቦ ጋጋሪ ዳቦ አያምረውም» ትል ነበር፣ ገልጣ ሳትፈርድ።
ያን ሌሊት ግን ወንዙ ወሰዳት። ገጹ ላይ ጀልባ ቀዛፊ ነበር፣
ሰውን ሁሉ አሻግሮ፣ ሚስቱን ብቻ ማዶ ጥሎ የሚያድር።
ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ አንዴ ሳቀች፣ አንዴ «ኤዲያ!» አለች፣
አንዴ ደግሞ፣ ጣቷ ገጹ ውስጥ ሳለ፣ ጨለማውን በመስኮት አየች።
እኔ ወርቁን አየሁት፣ ጥቅሉ ጥግ ላይ ሲያንጸባርቅ፤
ግልብጥ ነው የኛ ቅኔ፤ ሰሙ ከውስጥ፣ ከላይ ወርቅ።

ስልኩ ጮኸ። ከአለቃው ድምፅ ኋላ ጭብጨባ ይሰማል፦
«አንዲት ልጅ እግር ወሰደችው፤ የመጀመሪያዋ ነው ይባላል።
ብሩን ለጥፊ። ወርቁን ጣይው።» ጠቅ አለና ተዘጋ።
በካርቶን ቁራጭ ገጹን ምልክት አድርጋ፣ ለጠፈች እስኪነጋ።
አራት ሺህ ዓይን፣ በብር ክብ፣ አንድ በአንድ ተሸፈነ፤
የዜኖን ዓመት እንዲህ ሆኖ፣ ከጣታችን ስር ተከደነ።

በማግስቱ ኮሪያው ዝም፣ ጣልያኑ ዝም፤ ፊንላንዱ ብቻ ደብዳቤ ላከ፣
«በጣም ደስ የሚል ሽፋን ነው» ብሎ፣ ባጭሩ ባረከ።

ወርቁን ግን አልጣለችውም፤ በካፖርት ኪሷ ይዛው ሄደች፤
በሳምንቱ ፕሪም ቀቅላ፣ ማርማላታ በጠርሙስ ሞላች፤
ክዳን ክዳኑ ላይ ለጠፈች፦ «የዓመቱ ምርጥ ልቦለድ»።
ጎረቤቷ በማንኪያ ቀምሳ፣ «እውነት ነው፣ አያዳላም ፍርድ!»
ለኔም አንድ ደረሰኝ፤ ልጄ ዳቦ ላይ ቀብታ ስትገምጥ፣
«አባባ» አለችኝ፣ «ለካ ልቦለድ እንዲህ ነው የሚጣፍጥ!»

ኅዳር ላይ ዜኖን ራሱ መጣ፣ ሁለት መቶ ቅጂ ሊፈርም፤
ቁመቱ አጭር፣ ጫማው ጭቃ፣ ሰው ቀና ብሎ አያይም።
ብሮንካ አንድ ጠርሙስ አቀበለችው፣ እጇን በሽርጧ ጠርጋ፤
ክዳኑን አነበበ። ዝም አለ። ወደ አምፖሉ አስጠጋ።
ከዚያ ሳቀ፤ ረጅም ሳቅ፤ ብዕሩ ወለሉ ላይ ወደቀ፤
በጋዜጣ ያየሁት ያ ደረቅ ፊት፣ ከላዩ ላይ ተሰነጠቀ።

«አንብበሽዋል?» አላት ቆይቶ፣ ብዕሩን ፍለጋ ጎንበስ ብሎ።
«እስከ ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት። ቀዛፊው መቅዘፊያውን ጥሎ፣
ወንዙን በእግሩ ሊሻገር፣ አንድ እግሩን ውሃው ውስጥ እንደተከለ፣
ስልክ ጮኸ።»
ዜኖንም፣ የጻፈው እሱ ያልሆነ ይመስል፣
«እሺ፣ ከዚያስ?» አለ።